የዌልስን ቤቶች የጨረሰው ስደተኛ አይደለም

ስደተኛን አጥብቆ የሚቃወመው ሪፎርም ዩኬ ፓርቲ በዌልስ ሥልጣን ከያዘ ከሚሰርዛቸው ነገሮች አንዱ የዌልስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ ዌልስን ለስደተኞች «የመጠለያ አገር» ለማድረግ የታቀደው ፖሊሲ እንደሆነ ደጋግሞ ነግሮናል። የዌልስ ወግ አጥባቂዎችም በዚህ ጉዳይ ከእርሱ ላለማነስ ይሽቀዳደማሉ። የሚሰጡት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የአገሬው ሰው ቤት አጥቶ፣ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ወረፋ እየጠበቀ፣ ካውንስሎች (የአካባቢ ምክር ቤቶች) ቤተ መጻሕፍት እስከ መዝጋት ደርሰው ሳለ ገንዘቡ ለመጤ ይፈስሳል የሚል ነው። ይህን አባባል በዝምታ ማለፍ ከእንግዲህ አይገባም። ውሸት መሆኑ ሳያንስ፣ ቤቱን ያጠፋውን፣ በጀቱን የቆረጠውን ሁሉ ከተጠያቂነት ያስመልጣል።

በኦክቶበር 23 ቀን 2025 በደቡብ ዌልስ በካርፊሊ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ይኸው ስብከት ተሞክሯል። የዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ የፕላይድ ከምሪው ሊንድሲ ዊትል 47 ከመቶ ድምፅ አግኝተው ወደ ሴነድ (የዌልስ ፓርላማ) ሲገቡ ሪፎርም በ36 ከመቶ ቀረ፤ ወረዳውን ለመቶ ዓመት ያህል እንደ ርስቱ የያዘው ሌበር ደግሞ ወደ 11 ከመቶ ወረደ። ዊትል ከ1976 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆነው የኖሩ፣ ካውንስሉንም የመሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ቤት፣ ስለ ሕዝብ አገልግሎትና ስለ አካባቢው በጀት ሲጨነቁ ጭንቀታቸው ከወረዳው ኑሮ የመነጨ ነው። በካርፊሊ ሰዉን ያስቆጣው አንዱ ጉዳይ 10 ቤተ መጻሕፍትን ለመዝጋት የወጣው ዕቅድ ነበር። የውጭ ተወላጁ ቁጥር እጅግ አነስተኛ በሆነበት በዚህ ወረዳ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ ስለ ስደተኛ እንዲወራ የፈለጉ ነበሩ።

እስቲ ገንዘቡን እንቁጠረው። በዚህ ፖሊሲ ስም በስድስት የበጀት ዓመታት የወጣው ወደ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። የዌልስ መንግሥት የአንድ ዓመት በጀት 26 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ወጪው በየዓመቱ ከአንድ ሺህ ፓውንድ ሃምሳ ፔንስ አይሞላም። ከዚያችም ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የወጣው ከጦርነት ለሸሹ ዩክሬናውያን ነው፤ ዩክሬናውያኑን የጋበዘውን መርሐ ግብር በ2022 የዘረጋው ደግሞ ለንደን ላይ ሥልጣን የያዘው የወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት ነበር። ራሳቸው በጋበዙት እንግዳ የተነሣ የወጣውን ወጪ ዛሬ የዝርፊያ ማስረጃ አድርገው ማቅረባቸው ነውር ነው። ጥገኝነት ጠያቂውማ ከካውንስል የቤት ተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ መግባት እንኳ አይችልም። በካርዲፍ፣ በኒውፖርት፣ በስዋንሲም ሆነ በሬክሳም የሚያድርበትን ቤት የሚያቀርበው ከሆም ኦፊስ (ከብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ጋር የተዋዋለ የግል ኩባንያ ነው፤ ሂሳቡም ከለንደን ይከፈላል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን በሕይወቱ ያውቀዋል፤ ወረቀቱን ባገኘ ማግሥት ከዚያ ቤት ውጣ ተብሎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማደሪያ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው የማያውቅ ማን አለ?

ታዲያ ቤቶቹ የት ገቡ? ተሸጡ። የለንደኑ የወግ አጥባቂዎች መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሕግ መሠረት የካውንስል ቤት ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት ከገበያው ዋጋ ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚደርስ ቅናሽ የመግዛት መብት ተሰጣቸው። ከ1981 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በዌልስ ወደ 139,000 የሚጠጉ የካውንስልና የቤት ማኅበራት ቤቶች በዚህ መንገድ ተሸጡ፤ ይህ ሽያጩ ሲጀመር ከነበረው ክምችት 45 ከመቶ ያህል ነው። ገዝቶ የቤት ባለቤት የሆነውን ሠራተኛ የሚወቅስ የለም፤ ዕድሉን ያገኘ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ወንጀሉ የተሸጠው ቤት አለመተካቱ ነው። ካውንስሎቹ ከሽያጩ ያገኙትን ገንዘብ በሙሉ መልሰው ቤት እንዲሠሩበት አልተፈቀደላቸውም፤ መሥራት ያቆሙም ብዙ ናቸው፤ ከ22ቱ ካውንስሎች ግማሾቹ ዛሬ አንድም የራሳቸው ቤት የላቸውም፣ ያላቸውን ለቤት ማኅበራት አስረክበዋል። የዌልስ መንግሥት ይህን ሽያጭ በሕግ የዘጋው በጃንዋሪ 2019 ነው፤ ከግማሽ የሚተርፈውን ለማዳን ማለት ነው። ከተሸጡት ቤቶች ብዙዎቹ እየዋለ እያደረ በግል አከራዮች እጅ ወደቁ፤ ካውንስሉ በመጠነኛ ኪራይ ያከራየው የነበረውን ቤት ዛሬ ድሀው በገበያ ዋጋ ይከራየዋል፤ የኪራይ ድጎማውም ጣሪያው ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ሳይንቀሳቀስ ኪራዩ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል። ልዩነቱን መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ሲባረር ካውንስሉ በሆቴልና በጊዜያዊ ማረፊያ ያሳድረዋል፣ ለዚያውም ብዙ ይከፍላል። ዛሬ በዌልስ በጊዜያዊ ማረፊያ የሚያድረው ሰው ከ10,000 ይበልጣል፤ ከእነርሱም በሺዎች የሚቆጠሩት ሕፃናት ናቸው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም ኢትዮጵያዊ፣ አንድም ሶርያዊ በምርጫ ቅስቀሳ ስሙ ሳይነሣ በፊት በፓርላማ ድምፅ በጸደቀ ሕግ ነው። ሽያጩን ያወጀውን ፓርቲ ሳይነኩ በስደተኛው ላይ መጮህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ለሽያጩ ማካካሻ ይሆናል የተባለው ዕቅድም አልሰመረም። ከ2021 እስከ 2026 ባለው የሴነድ ዘመን 20,000 የማኅበራዊ ኪራይ ቤቶች ይሠራሉ ተብሎ ነበር፤ የዌልስ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ግን በ2024 ተጨማሪ ገንዘብ ካልተመደበ ግቡ እንደማይመታ አስጠንቅቋል። በምዕራብ ዳርቻ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ጉዊኔድና ፔምብሮክሽር ውስጥ ቤት ማለት ለብዙዎች በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚታደርበት የዕረፍት ንብረት ሆኗል። ፔምብሮክሽር በ2024 የነዋሪውን የካውንስል ታክስ (የቤት ግብር) በ12.5 ከመቶ ካሳደገ በኋላ በቀጣዩ ዓመት የነዋሪውን ሸክም ዳግም እየጨመረ በሁለተኛ ቤት ላይ የጣለውን ተጨማሪ ግብር ከ200 ወደ 150 ከመቶ አወረደ። ለሁለተኛ ቤት ባለቤት የራራው ካውንስል ለአንድ ቤት ባለቤት አልራራም። ይህን ውሳኔ «የአገሬው ሰው ይቅደም» ከሚሉት ፖለቲከኞች መካከል ጮሆ ሲቃወም የሰማሁት የለም።

የአካባቢ በጀቱን ነገር ያነሣን እንደሆነ፣ ካውንስሎች ከሚያወጡት ገንዘብ ሩቡን ያህል ብቻ ከነዋሪው በግብር ይሰበስባሉ፤ ቀሪው በአብዛኛው ከካርዲፍ፣ ማለትም ከዌልስ መንግሥት፣ ይመጣል፤ ካርዲፍ ደግሞ ከለንደን ይጠብቃል። ለንደን የሚያካፍለው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚሠራው የባርኔት ቀመር ነው፤ ከ2018 ወዲህ ለዌልስ ችግር ተብሎ ጥቂት ጭማሪ ቢታከልበትም፣ ቀመሩ በዋናነት የሚነሣው ከሕዝብ ብዛት ነው እንጂ ከድህነት፣ ከእርጅና ወይም ከበሽታ አይደለም። ከለንደን ወደ በርሚንግሃም የሚዘረጋውና አንድ ሜትር ሐዲድ በዌልስ ምድር የሌለው ፈጣን ባቡር «የእንግሊዝና የዌልስ» ፕሮጀክት ተብሎ በመመዝገቡ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ድርሻቸውን ሲያገኙ ዌልስ አላገኘችም። ፕላይድ ከምሪ የቀረባትን 4 ቢሊዮን ፓውንድ ይለዋል፤ ለንደን በ2025 ለዌልስ ባቡር በአሥር ዓመት እሰጣለሁ ያለው 445 ሚሊዮን ነው። ከ55 ሚሊዮኑ ጋር አስተያዩት። የትኛውን ነው ሰዎቹ በየመድረኩ የሚጮኹበት?

ስለ ሕዝብ አገልግሎት የሚቆረቆሩ ከሆነም፣ የዌልስን አረጋውያን የሚያጥቡ፣ የሚመግቡና ሌሊት የሚጠብቁ እጆች ስንቶቹ ከውጭ የመጡ እንደሆኑ ማንኛውንም የእንክብካቤ ቤት ገብተው ይጠይቁ። የለንደኑ የሌበር መንግሥት እነዚህን ሠራተኞች ከውጭ መቅጠርን በጁላይ 2025 ሲዘጋ ሪፎርም ይህ አነሰን ነው ያለው።

ለጥገኝነት ጠያቂ ተብለው የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ርካሽ ወደሆነባቸው ሰፈሮች መከማቸታቸውና እዚያ ያለው ክሊኒክና ትምህርት ቤት አስቀድሞ የተጨናነቀ መሆኑ እውነት ነው። ይህንን ግን የሚወስኑት ሆም ኦፊስና ኩባንያው ናቸው፤ የካርዲፉን ፖሊሲ መሰረዝ ከዚህ አንዲት ጡብ አይቀንስም።

ለሜይ 2026 የተቀጠረው የሴነድ ምርጫ ለ96 መቀመጫዎች ነው። ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ በዌልስ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሁሉ፣ 16 ዓመት ከሞላው ጀምሮ፣ ለሴነድ የመምረጥ መብት አለው። የብሪታንያ ፓስፖርት አያስፈልገውም። ተመዝገቡ። ተወዳዳሪው በር አንኳኩቶ ስለ ስደተኛ ማውራት ሲጀምር የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከተሸጡት 139,000 ቤቶች በአምስት ዓመት ስንቱን ትተካለህ፣ ገንዘቡንስ ከየት ታመጣለህ? ስለ ባቡሩ ገንዘብ ለንደን ላይ ለማን ደብዳቤ ጻፍክ? በወረዳችን የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ሲኖር በየትኛው ስብሰባ ተገኝተህ ድምፅ ሰጠህ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ድምፃችንን አያገኝም።