መሳፈሩስ ተሳካ፤ ጣጣው መውረዱ ላይ ነው

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ከሌላው የረጅም መንገድ ጉዞ ሁሉ የመዝናኛ መርከብ ይሻላል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም እስማማለሁ። አውሮፕላን ላይ ወንበሩን ከባለቤቱ ተቀብለው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሻንጣ ጋር ይከቱታል፤ ሲያርፉ ጎማው ተጣሞ ቢመጣ የሚገርመው የለም። መርከብ ላይ ግን ሰውና ወንበሩ አይለያዩም። ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ነው፣ አልጋው አብሮ ከአገር አገር ይዞራል፣ ምግብ ቤቱም ትርዒት ማሳያውም በሊፍት ይደረስበታል። አዳዲሶቹ ግዙፍ መርከቦች መዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚያወርድ ወንበር ሳይቀር አላቸው።

እና ቅሬታዬ መርከቡ ላይ አይደለም፤ አሻሻጡ ላይ ነው። ሻጮች «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ» ሲሉ ካቢኑን፣ ማለትም የመኝታ ክፍሉን ማለታቸው ነው። ተጓዡ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ብሮሹሩ ላይ ለተደረደሩት ወደቦች ጭምር ነው።

ካቢኑን ባጭሩ ልለፈው። የተራ ካቢን በር ጠባብ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱም ብዙ ጊዜ ውሃ እንዳይወጣ የተሠራ ደፍ አለው። ለተሽከርካሪ ወንበር የተዘጋጀው ካቢን በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ወንበሩ የሚዞርበት ቦታ አለው፣ ሻወሩ ደፍ የለውም። ታዲያ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ። ስኩተር፣ ማለትም በባትሪ የሚነዳ መንቀሳቀሻ ያለው ሰው «ተራ ካቢን ይበቃኛል፣ ስኩተሬን በር ላይ አቆማለሁ» ብሎ ከገዛ ደግሞ ጉድ ይፈላል፤ ኮሪደሩ የአደጋ ጊዜ መውጫ በመሆኑ እዚያ ማቆም ክልክል ነው።

አሁን ወደ ወደቡ እንምጣ። መርከብ ወይ የወደቡ መድረክ ጥግ ተጠግቶ ይቆማል፣ ወይ ራቅ ብሎ መልሕቅ ይጥላል። ተጠግቶ ሲቆም መሸጋገሪያ ድልድይ ይዘረጋል። ይህ ድልድይ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል መርከቡ አብሮ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ጠዋት ደልዳላ የነበረው መውረጃ ከሰዓት በኋላ ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። ያም ሆኖ ሁለት ብርቱ መርከበኛ ካለ ይታለፋል።

መልሕቅ ሲጣል ነው ነገር የሚከረው። ተሳፋሪው ከመርከቡ ጎን ካለች ጠባብ መቆሚያ ተነሥቶ ወደ ጀልባ ይሻገራል። ጀልባዋ በሞገዱ ትነሣለች፣ ትወርዳለች፤ መርከበኛው ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል እጁን ዘርግቶ ሰዉን ያስቆማል፣ ከመቆሚያው ጋር እኩል ስትሆን «አሁን!» ይላል። እግር ያለው በአንድ እርምጃ ይሻገራል። የኤሌክትሪክ ወንበር ግን ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ብዙ ኩባንያዎችም መርከበኞቻቸው ሰውም ሆነ እንዲህ ያለ ወንበር እንዳያነሡ ይከለክላሉ። ወንበር ከነሰው የሚያሻግር ማንሻ የገጠሙ መርከቦች አሉ፤ እነሱም ባሕሩ ከተናወጠ አይሠሩም። የግሪኳን ደሴት ሳንቶሪኒን ውሰዱ። ትላልቆቹ መርከቦች ገደሉ ሥር መልሕቅ ይጥላሉ፣ ሰዉ በጀልባ ወደ አሮጌው ወደብ ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚያወጣው በገመድ የሚጎተት ፉርጎ ወይም ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ ነው። የብሮሹሩ ሽፋን ላይ የታየው ነጭ ከተማ ከመርከቡ ጣሪያ በወንበር ተቀምጦ ሲታይ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ሒሳቡ ደግሞ ሙሉ ነው።

ሕግ የለም ወይ? አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተመርኩዘው ከሂውስተን የተሳፈሩ ተጓዦች ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለውን የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ ከስሰው ነበር፤ መርከቦቹ የባሃማስ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ሕጉ በአሜሪካ ውሃ ላይ ላሉ የውጭ መርከቦችም እንደሚሠራ ወሰነ፤ ከዓለም አቀፍ የደኅንነት ደንብ ጋር የሚጋጭ ለውጥ ግን በግድ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1177/2010 ደግሞ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ላሳወቀ ተጓዥ ወደብ ላይም መርከብ ላይም በነጻ እርዳታ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለት ቀዳዳ ግን አለው። ኩባንያው የመርከቡን ወይም የወደቡን አሠራር ምክንያት አድርጎ ተጓዡን አላሳፍርም ሊል ይችላል። አጃቢ አምጣ ሲልም አጃቢው ያለ ክፍያ የሚሳፈረው በመደበኛ የመንገደኛ መስመር እንጂ በመዝናኛ መርከብ አይደለም። ለምን እንደተለየ አይገባኝም።

ኩባንያዎቹ «ባሕር አይታዘዝም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ባልታሰበ ነፋስ ወደብ ቢቀር ማንም አይወቅሳቸውም። የትኛው ወደብ መልሕቅ የሚጣልበት እንደሆነ ግን ትኬቱ ከመሸጡ በፊት ጉዞውን ያቀደው ክፍል ያውቀዋል። ይህ መረጃ ዋጋው አጠገብ፣ በዚያው መጠን ይጻፍ፤ በደቃቅ ፊደል በተጻፈ ውል ውስጥ አይደበቅ። ለምድር ሽርሽር የሚመደበው አውቶቡስ ማንሻ ይኑረው አይኑረውም አብሮ ይገለጽ። አስቀድሞ በሚታወቅ ምክንያት ተጓዡ መውረድ በማይችልበት ወደብ የዚያ ወደብ ክፍያ ይመለስለት።

እስከዚያው ለመሄድ ያሰበ ሰው «ካቢኑ ይመቻል ወይ?» ብሎ አይቁም። በየወደቡ በድልድይ ነው በጀልባ? የእኔን ወንበር በዚህ ክብደት ታሻግራላችሁ? ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። ጉዞው አራት ወደብ ኖሮት ሦስቱ በጀልባ ከሆኑ ሌላ መስመር ይፈልግ።