ላፕቶፑን ከመንጠቃችሁ በፊት ምን እንደሚጫወት እዩ

ጎጃም ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ወጣት ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቁጣ አለች። «ለትምህርት ብለን ገዝተንልህ አንተ ጌም ትጫወትበታለህ?» ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ዳንግላም ያው ናት። ቁጣዋ ተገቢ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ግን የሚቆጣው ሰው ብዙ ጊዜ ልጁ ምን እየተጫወተ እንደሆነ አያይም። ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ፣ ወታደር አለ፤ በቃ፣ ጌም ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቤቲንግ የሚቆርጠው ታናሽ ወንድሙን የሚናገረው የለም። ስልክ የያዘ ሰው መልእክት የሚያነብ ይመስላላ!

እኔ የምለው ይኼ ነው። ስትራቴጂ ጌም ከሌላው ጌም ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም። መብራት እየሄደ ለሚመጣበት፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ለሚጠፋበት አካባቢያችን ደግሞ ከጌም ሁሉ የሚስማማው እሱ ነው። እንከን የለውም አልልም። አንዱ እንከኑ ከባድ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ለማያውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሲጀመር ሰፊ መሬት ላይ ጥቂት ሰዎች ይሰጡሃል። እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ታሳርሳለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ ከተማ ትቆረቁራለህ። ቀጥሎ ጎረቤትህ ምን እያሰበ እንደሆነ መገመት ትጀምራለህ። ወታደር ካበዛህ ጎተራህ ይራቆታል። ጎተራህን ብቻ ካየህ ትወረራለህ። ሁሉንም ባንዴ ማግኘት አይቻልም፤ የጨዋታው ጣዕምም ያ ነው። ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ተራ በተራ የሚሄደው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው «ሲቪላይዜሽን» አባቱ ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ተራ የሚባል ነገር የለውም። ሁሉም ባንዴ ያዛል፣ ባንዴ ይዋጋል። እንደ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ያለው ማለት ነው።

ይኼ ሁሉ ለኛ እንግዳ ነገር ይመስላል። ኮምፒውተሩ እንግዳ ነው፤ ጨዋታው ግን አይደለም። በመሳፍንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ከዓለም ቼዝ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ጦር እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ በዓይኑ እየተከታተለ ያስተካክላል። ይኼ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ተራ በተራ ይሆናል። የዛሬዎቹ ጌም ሠሪዎች ለሁለት የከፈሉትን ነገር አያቶቻችን በአንድ ሰሌዳ ላይ አዋሕደው ይጫወቱት ነበር። እረኞቹስ ቢሆኑ? መሬት ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ የሚያደርጉት ምንድን ነው? የራስን መቁጠር፣ የባላጋራን መቁጠር፣ ሦስት ዙር ወደፊት አስቦ አንዱን ጉድጓድ መምረጥ። ስሌት ነው። ገበጣ የሚጫወትን ልጅ ሱሰኛ ብሎ የሰደበ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ለምን ይስማማናል?

አንደኛ፣ መብራት። የስልክ ኦንላይን ጌም መሀል ላይ ሲቋረጥ ጨዋታው ይበላሃል። ቡድንህ ይሰድብሃል፤ አንዳንዱም ይቀጣሃል። ተራ በተራ የሚሄድ ስትራቴጂ ጌም ግን አይቸኩልም። አንተ ካላዘዝክ ጠላት አይንቀሳቀስም። በየጥቂቱ ዙር ራሱ ሴቭ ያደርጋል። መብራት ሄዶ ባትሪው ቢያልቅ ነገ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ባትሪው የደከመ ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ ይኼን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልክ ላይ ያለው ኦንላይን ጨዋታ ሁሉ አብሮ ሞተ። ላፕቶፕ ላይ የተጫነው ግን ምንም አልሆነም። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። የስልክ ሆትስፖት ዳታ ባይኖረውም ላፕቶፖችን እርስ በርስ ያገናኛል። ዶርም ውስጥ አንዱ ስልኩን ከፍቶ ያስቀምጣል፣ ሌሎቹ ይገቡበታል፣ ከዚያ የድሮውን «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» እስከ 8 ሰው ሆኖ መጫወት ነው። አንድ ብር ዳታ አይወጣም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጫጫታ ግን፣ ጎረቤት ዶርም ይማረን!

ሦስተኛ፣ ዋጋ። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የጠየቀው 32 ሜጋባይት ራም ነበር። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ደካማ የሚባለው ላፕቶፕ የዚያን መቶ እጥፍ ይይዛል። ማውስ ግን ግድ ነው። በታችፓድ ጦር ማዘዝ ቅጣት ነው፤ ጠላት ቤትህን አቃጥሎ እስኪጨርስ አንተ ቀስቷን ስትፈልግ ትገኛለህ። ማውስ የሌለው ሰው ተራ በተራ የሚሄደውን ይምረጥ። አዲሶቹና ከባዶቹ ጌሞች ላይ መድከምም አያስፈልግም። ላፕቶፑ ይግላል፣ ይጮሃል፣ ልጁም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦት አየር ያሳጣዋል። የስንቱ ማሽን የተቃጠለው እንደዚህ ነው።

ስለ ዋጋ ካነሳን፣ አብዛኛው ሰው ጌም የሚያገኘው በፍላሽ ከጓደኛው ነው። ክራክ የተደረገ ነው፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፤ ቫይረሱም አብሮ ይመጣል፣ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ነው የሚለው ምክንያት እውነት ነው። ግን በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚሰጡ ጥሩ ጌሞች አሉ። «ፍሪሲቭ» እ.ኤ.አ. በ1995 በዴንማርክ ተማሪዎች የተጀመረ ነው፤ አሠራሩ «ሲቪላይዜሽን»ን ይመስላል። «ባትል ፎር ዌስኖዝ» እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ። ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ ማንም ሊያያቸው የሚችል ኮድ አላቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ የሚጫወተውን ጨዋታ ሆድ ዕቃ ከፍቶ ማየት ይችላል። ይኼ ከየትኛው ስልክ ጌም ይገኛል?

እኛም ጨዋታዎቹ ውስጥ አለን፤ ይኼን ወላጆች ቢያዩት ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ላይ ኢትዮጵያውያን ተጨመሩ። ቀስተኞቻቸው ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ሾተል የያዘ ተዋጊ አላቸው፣ የዮዲት ታሪክም እንደ ዘመቻ ተሠርቷል። ከሁሉ የሚገርመው ሰዎቹን ስትነካቸው በአማርኛ ይመልሱልሃል። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው የሚያደርገው ያንን እየነኩ መሳቅ ነው። «ሲቪላይዜሽን 5» ላይ ኢትዮጵያን የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የአገሪቱ ልዩ ችሎታ በዓድዋ ስም ተሰይሟል፤ ካንተ የበዙ ከተሞች ያሉትን ስትገጥም ጦርህ ይበረታል። «ሲቪላይዜሽን 6» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን አመጣ። እዚያ ኢትዮጵያ ኮረብታ ላይ ስትዋጋ ተጨማሪ ጉልበት ታገኛለች። የጮቄን ተራራ ለሚያውቅ ሰው ይኼ ዜና አይደለም።

የሚያስቀውም ብዙ ነው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ላይ እርሻ የሚሠራው በ60 እንጨት ነው። እንጨት! በሬ የለ፣ ዘር የለ፣ ክረምት የለ። የአዴት ገበሬ ይኼን ቢያይ ማን እንደሠራው አድራሻ ይጠይቅ ነበር።

ከባዱ እንከን የሚጀምረው ግን እዚሁ እርሻው ላይ ነው። በጨዋታው የአንድ ገበሬ ዋጋ 50 ምግብ ነው። ሲሞት ሌላ ትገዛለህ። ቤት ይቃጠላል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ይሠራል። የተፈናቀለ የለም፣ ያዘነች እናት የለችም፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ የለም። እውነተኛ ተኩስ በሰማ ከተማ ይኼን መጫወት ነውር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስቅባቸውም። ያለፉት ዓመታት እዚህ ምን እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ራሴ ጠመንጃ ይዘህ ሰው የምታነጣጥርባቸውን ጌሞች ማየት አልወድም። ስትራቴጂው ከላይ ከሰማይ የሚታይ ስለሆነ ደም አይታይበትም። ግን ችግሩም እሱ ነው። ሰውን ወደ ቁጥር መለወጥ ከሩቅ ሲታይ በጣም ይቀላል።

ታዲያ መፍትሔው መከልከል ነው? አይመስለኝም። ጨዋታው የደበቀውን ነገር የአገራችን ታሪክ አጠገቡ ሆኖ ያሳያል። 1933 ዓ.ም.ን ውሰዱ። ጥር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገቡ። እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የመራው የጌዴዎን ጦር 2,000 ገደማ ሰው ነበር። ፊት ለፊቱ የነበረው የጣሊያን ጦር ብዙ እጥፍ ነበር። ጦሩ ጥቂት መሆኑ እንዳይታወቅበት በሌሊት እየመታ ይሰወር ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ የመጣበትን ጦር አብዝቶ ገመተ፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቆ ወጣ። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ስትራቴጂ ጌም የሚጫወት ልጅ ይኼን ወዲያው ይገባዋል። ያልተገለጠ ካርታ ላይ ያለውን ጥቁር ቦታ ያውቀዋላ፤ ማየት ያልቻልከው ጦር ካየኸው ጦር በላይ ያስፈራል።

ቀጥሎ ግን የማይገባው ነገር አለ፤ ሰው ሊነግረው ይገባል። ጌሙ ላይ ገበሬ ገበሬ ነው፣ ወታደር ወታደር ነው፤ ዋጋቸውም የተለያየ ነው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ አልነበረም። በላይ ዘለቀን፣ መንገሻ ጀምበሬን፣ ነጋሽ በዛብህን የተከተለው አርበኛ ያው አራሹ ነበር። እሱ ጫካ ሲገባ ማሳው ጦም አደረ። ጦሩን የመገበው ደግሞ የቀረው ቤተሰብ ነበር፤ ለራሱም ሳይተርፈው። ዊንጌት ከመምጣቱ በፊት እነዚህ ሰዎች ጣሊያንን ከከተማና ከምሽጉ ርቆ እንዳይንቀሳቀስ አድርገውት ነበር። ይኼን የሚያሰላ ጌም አላየሁም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የተሠራው «ኸርትስ ኦፍ አየርን 4» ጨዋታውን ከጥር 1936 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን እየወጋች። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ተጨማሪው ንጉሡ በስደት ሆነው ትግሉን የሚቀጥሉበት መንገድም አለው። ጎበዝ ሥራ ነው። ማሳው ግን እዚያም የለም። አንድ የታሪክ መምህር ላፕቶፑን ከፍቶ «እስቲ እዚህ የጎደለው ምንድን ነው?» ብሎ አንድ ክፍለ ጊዜ መሙላት ይችል ነበር።

ስለ ጊዜ ብዙ አልልም። ይበላል። «አንድ ዙር ብቻ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ጎህ ሲቀድ ይነሳል። በፈተና ሰሞን ጌሙን ከማሽኑ ላይ ማጥፋት ነው፤ ሴቭ ያደረጉትን ፋይል ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ «ምን እየተጫወትክ ነው? እስቲ አሳየኝ» ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል። ማስረዳት የማይችል ልጅ ካለ ያኔ መቆጣት ይቻላል።

አንድ የምጠይቀው ነገር አለ። በየከተማችን የወጣት ማዕከላት አሉ። ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ከረምቦላ፣ ፑልና ቴሌቪዥን ነው ያለው። ውጭ ደግሞ በጨዋታ የሚያስከፍሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶችና የቤቲንግ ቤቶች ተሰልፈዋል። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ፣ ወደ አዲሱ ማደግ የማይችሉ ኮምፒውተሮች በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን መግባታቸው አይቀርም። በዊንዶውስ ፈንታ ነፃው ሊኑክስ ቢጫንባቸው «ፍሪሲቭ»ን በደንብ ይሸከማሉ። አጠገባቸው የሰንጠረዥ ጨርቅና የገበጣ እንጨት ይቀመጥ፤ የሚያስተምር ሽማግሌም አይጠፋም። ውድድሩ በኬብል ይሁን፤ ኢንተርኔት ጠፋ አልጠፋ አያገባውም። ቦታ የለም እንዳይባል ደግሞ፣ አንድ የፑል ጠረጴዛ የያዘው ቦታ ስድስት ኮምፒውተር ያስቀምጣል።