ከክፍል አንደኛ ለወጡት ታላቆቻችን የቀረበ ውዳሴ

ጎንደር የቅርስ ችግር የለባትም። የፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ጥምቀትም ቆይቶ ተመዝግቧል። ሳይመዘገብ የቀረው አንድ ቅርስ ብቻ ነው። እርሱም ጠዋት ጠዋት ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት ከሄደው ፖስታ ቤት ወዲህና ወዲያ ባሉ ቡና ቤቶች በረንዳ ላይ ማኪያቶውን ይዞ የሚቀመጠው የቀድሞ ተማሪ ነው። ግንብ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ጥገና ይጠይቃል። የቀድሞው ተማሪ ግን ባረጀ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ይታደሳል፣ መምህራኑ ይራቀቃሉ፣ ውጤቱም ከዓመት ዓመት ያድጋል። እንዲህ ያለ ራሱን በራሱ የሚያድስ ቅርስ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ሁሉም ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ፣ በአንድ ዓመት በአንድ ክፍል የተማሩ ጡረተኞች ሁሉም አንደኛ ሲወጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ማን እንደነበር ሲጠየቁ እርስ በርሳቸው ይተያዩና «እሱ አሜሪካ ነው» ይላሉ። ሠላሳኛ የወጣው የት እንደደረሰ ግን ጠያቂም መላሽም የለውም።

የሄዱበት መንገድማ ለብቻው ይመዝገብ። አንድ ጋሼ ዓምና ከአዘዞ በባዶ እግራቸው ይመላለሱ ነበር፤ ያም ቢሆን ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ክብር ይገባዋል። ዘንድሮ መነሻቸው ጠዳ ሆኗል። በቅርቡ ደግሞ ማክሰኝትን ሲጠሩ ሰማሁ። በዚሁ ከቀጠሉና እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጣቸው አዲስ ዘመን መድረሳቸው አይቀርም።

እውነት ለመናገር የስንቁ ነገር አልተጋነነም። ከደምቢያና ከወገራ የመጡ ልጆች ተሰባስበው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራዩ ነበር፤ አባት ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ በሶውን በአህያ ጭኖ ያደርስላቸዋል። ሐሙስ ሲደርስ ከረጢቱ ይራገፋል። ይህን ችሎ የተማረ ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም። የሚደንቀው፣ ዛሬም ከዚያው ከደምቢያ የመጣ ልጅ ቤት ተከራይቶ ያችኑ ስንቅ ይጠብቃል፤ በዚያ ላይ በግጭቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ስንቁ ይቀርበታል፣ አንዳንዴም ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋበታል። ግን የእርሱ ረኃብ የዚህ ዘመን ረኃብ ስለሆነ ታሪክ የለውም። «የዛሬ ልጅ ምን ጎደለበት?» ይባላል፤ ማኪያቶውም ይደገማል።

ስለ አለንጋው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ይገባዋልም። ከቅጣቶቹ ሁሉ የተመረጠው የአምስቱን ጣቶች ጫፍ አንድ ላይ ሰብስቦ በማስመሪያ ጠርዝ መመታት ነው፤ ያውም በኅዳር፣ የጎንደር ብርድ ጣትን እንደ እንጨት ባደረቀበት ጠዋት። ይህን የሚተርኩልን ጋሼ የቀለበት ጣታቸው ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቆ በቅሎ ቀርቷል። ሲኒያቸውን ባነሱ ቁጥር ያቺ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ትቆማለች። «ሰው ያደረገን ይሄ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን እያሳዩ። ምን አጥፍተው እንደተመቱ ጠይቄያቸው አያስታውሱም። የመቺውን ስም ግን ከነአያቱ ያውቁታል።

ዕውቀታቸውንም ቢሆን ማንም አይጠረጥርም። የፎቶሲንተሲስን ትርጉም በእንግሊዝኛ፣ ትንፋሽ ሳይሰበስቡ፣ ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ጠብቀው ይወርዱታል። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቁ ጥቂት ያስቡና «በእኛ ጊዜ መምህር አይጠየቅም ነበር» ብለው ይዘጉታል። ሒሳብ ያስተማሯቸው ህንዳዊ ናቸው። ከ1955 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ አሜሪካውያን መጥተው እንግሊዝኛውን አስተካከሉላቸው። እነዚህ በህንድና በአሜሪካ መምህር ተኮትኩተው ያደጉ አባቶች ናቸው እንግዲህ የዛሬውን ልጅ የውጭ ባህል አበላሸው ብለው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡት።

ሥነ ምግባራቸው ደግሞ ለጉድ ነው። ያን ጊዜ ወንድና ሴት ዓይን ለዓይን አይተያይም ነበር። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ስለ ደብዳቤው ይጀምራሉ። ደብዳቤው ባለ መስመር ወረቀት ላይ፣ ጽሕፈቱ በሚያምርለት የክፍል ጓደኛ እጅ፣ ለእርሱም አንድ እፍኝ ቆሎ ተከፍሎት የሚጻፍ ነው። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይልና ከግርጌው ፍላጻ የወጋው ልብ ይሳልበታል፤ ከልቡ ጠብ የሚለው ደም በቀይ ቢክ ነው። የዚያ ዓመት ጥምቀትም ሎሚው ወደ ማን እንደተወረወረ እስከ ዛሬ ክርክር አለበት። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ እንዴት አነጣጠሩ የሚለውን ለባለሙያ ትቼዋለሁ።

ሎሚው ከተወረወረባቸው አንዷ እትዬ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩ። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ አንድ ዴስክ ይበቃቸው እንደነበር ተናገሩ። ቀጥለውም «እኔ ዘጠነኛን ሳልጨርስ ዳሩኝ» አሉ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው «ያን ጊዜ ጋብቻ ይከበር ነበር» ሲሉ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ የጠጡበትንም ሂሳብ ራሳቸው ከፈሉ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ፎቶውን ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ ቴምብር የተቆራረጠ፤ በስተኋላው «ቆመው ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ ስም ተደርድሯል። ጣት በፎቶው ላይ ትሄዳለች፦ ይሄ ሐኪም፣ ይሄ መሐንዲስ፣ ይሄ ካናዳ። አንዳንድ ፊት ላይ ስትደርስ ግን ትፈጥናለች። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በ1967 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋር ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ፤ ዘማቹ 60,000 ገደማ ነበር። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። ጎንደርን ደርግ ለሻለቃ መላኩ ተፈራ ሰጣት፤ እናቶችም ሻለቃውን «የእግዜር ታናሽ ወንድም» እያሉ ልጃቸውን እንዲምርላቸው ለመኑት። የፎቶው ግማሽ ያለው እዚያ ነው። ጣቲቱ ያን አልፋ ካናዳ ትደርሳለች። «ምን ዓይነት ሥርዓት ነበረ መሰላችሁ!» ይባላል። ከዛሬው ወጣት ጋር ሲነጻጸርም «እኛ እኮ አገር የምንወድ ነበርን» የሚል ይጨመርበታል። ጣቲቱ የዘለለቻቸው ልጆች ምን እንደወደዱና ለምን እንደሞቱ ለልጅ ልጅ መንገር ግን የክፍለ ጊዜ እጥረት ያለበት ይመስላል፤ ከአንደኝነቱ ተርፎ አይደርስም።

ወደ ፈተናው እንምጣ፤ ታላቆቻችን የሚያበሩት እዚህ ላይ ነውና። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ከመቶው 3.3 ብቻ ሃምሳና ከዚያ በላይ አመጡ። የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4 ሆነ። እነዚህ ቁጥሮች በወጡባቸው ቀናት ፒያሳ እንደ ዓውደ ዓመት ትደምቃለች። «አላልንም?» የማይል የለም። ለነገሩ በእነርሱ ጊዜ ማትሪክ ከተፈተነው አብዛኛው ነጥብ አልመጣለት ብሎ ቀርቷል። ከአብዮቱ በፊት ከመቶው ሕዝብ ከዘጠና የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ በሰፊው የቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ከትምህርት ቤት በር ላይ የቀረ ሕዝብ ከወዳቂ አይቆጠርም፤ ፈተና የሚወድቀው የተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ውጤት ማማሩ አይገርምም።

ደግሞስ ከዚያ ወዲህ ባሉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ሥርዓተ ትምህርቱን የቀረጸው፣ መምህሩን ያሠለጠነው፣ መጽሐፉን ያጸደቀው፣ ትምህርት ቢሮውን የመራው ማን ነው? ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ሰው ነዋ። የክፍሉ መጨረሻማ መቼ ተጠይቆ ያውቃል?

ነቀፌታ ብቻ እንዳይመስል፣ ታላቆቻችን ለቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ውለታ ሲመልሱ ስላየሁበት ስብሰባ ልናገር። በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደርጎ ነበር። የኅሊና ጸሎት ተደረገ፣ የድሮው መዝሙር ተዘመረ፣ ስድስት ሰው ንግግር አደረገ፤ ስድስቱም አለቀሱ። መታሰቢያ መጽሔት እንዲታተምና ቲሸርት እንዲሠራ ወዲያውኑ ተወሰነ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የላኩት ደብዳቤ ተነበበ። የቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች ስለተሰባበሩ ተማሪዎች ቆመው እንደሚያነቡ ይገልጻል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደብዳቤው በእጅ የተጻፈ ነው፤ እናም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስለ ጽሕፈቱ ነገር የጦፈ ውይይት ተነሣ። «ይሄ የርእሰ መምህር ጽሕፈት ነው? በእኛ ጊዜ እኮ...» ተባለ። ውይይቱ ሰዓቱን ስለጨረሰው የወንበሩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ርእሰ መምህሩን በልጅነታቸው ጽሕፈት ያስተማሩት ጋሼም በስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ ያዘኑት እርሳቸው ናቸው።