ካርታ ማቃጠል፦ ስልት ወይስ ጨዋታ መንፈግ?

የክርክሩ ርዕስ፦ «በሃርትስቶን የተጋጣሚን ካርታ ለማቃጠል የተሠራ ስብስብ ይዞ መግባት ተገቢ ነው።» ሃርትስቶን ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የዲጂታል ካርታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ 30 ካርታና 30 ነጥብ ሕይወት ይዞ ይገባል፤ በእጁ ከ10 ካርታ በላይ መያዝ አይችልም፣ ትርፉ ይቃጠላል።

ደጋፊ፦

በጨዋታው ውስጥ የሮግን (እንደ ሀንተርና ሜጅ ከጨዋታው የጀግና ዓይነቶች አንዱ ነው) ካርታ አቃጣይ ስብስብ ያህል ስሌት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መሠረቱ ኮልድላይት ኦራክል የሚባለው ካርታ ነው፤ በ3 ማና (ካርታ ለማውጣት የሚከፈል ጉልበት) ይወጣል፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ካርታ እንዲስቡ ያደርጋል። ተጋጣሚዬ 9 ካርታ ይዞ ተራውን ሲያስረክበኝ ኦራክልን አወጣለሁ፤ አሥረኛው ካርታ እጁ ይገባል፣ አሥራ አንደኛው ይነዳል። ወዲያው ሻዶውስቴፕ በሚባል ካርታ ያለ አንዳች ማና ወደ እጄ እመልሰዋለሁ፤ ዋጋው በ2 ስለሚቀንስ በ1 ማና እንደገና ይወጣል፣ ሁለት ካርታ ይደግማል። በ4 ማና ሦስት ካርታ! ለዚህ ግን የሰውየውን እጅ በየተራው መቁጠር፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያወጣ መገመት፣ በራሴ እጅም ቦታ መተው አለብኝ፤ ኦራክል ለእኔም ካርታ ይሰጠኛልና። አንድ ተራ ከቸኮልኩ ለባላጋራዬ ነጻ ካርታ አደልኩ ማለት ነው።

ተቃጠልን ብለው ለሚያማርሩ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የነደደውን ካርታ ከሚሳብበት ክምር ግርጌ እንደነበረ ቁጠሩት። አብዛኛው ጨዋታ ክምሩ ሳያልቅ ያበቃል፤ ግርጌ የቀረውን ካርታ ማንም አያየውም፣ ማንም አያዝንለትም።

ተቃዋሚ፦

«ከግርጌ እንደነበረ ቁጠሩት» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህ የሚሠራው ክምሩ በማያልቅበት ጨዋታ ነው። የእርስዎ ስብስብ የተሠራው ግን ክምሩን ለማስጨረስ ነው! ጋንግ አፕ የሚባለውን ካርታ ለምን ያስገቡታል? የኦራክልን ሦስት ቅጂ በራስዎ ክምር ውስጥ ለመበወዝ ነው፤ የእርስዎ እንዲረዝም፣ የእኔ ቀድሞ እንዲያልቅ። ካለቀ በኋላ ካርታ በሳብኩ ቁጥር ድካም ይመታኛል፤ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3 እያለ ይከማቻል፤ ሕይወቴ ሙሉ 30 ቢሆን እንኳ ስምንተኛው ላይ አልቅለታለሁ። ኦራክል ደግሞ ሁለቱን ምት በአንዴ ያወርድብኛል። እስከ ግርጌ በግድ ጎትተው ካወረዱኝ በኋላ ግርጌውን ማንም አያየውም ይሉኛል?

ደግሞስ መች ሳይታይ ይቀራል? የሚቃጠለው ካርታ በሁለታችን ፊት ተገልጦ ነው የሚጠፋው። ስብስቤን ሁሉ የደገፍኩበት ካርታ አንድ ጊዜ እንኳ እጄ ሳይገባ ዓይኔ እያየ ይነዳል፤ ከዚያ በኋላ 75 ሰከንድ በሚፈጀው ተራዬ ምን እንድሠራ ነው የሚጠበቀው?

ደጋፊ፦

እህቴ፣ ስሌቱን ለስሌት አዋቂዎች እንተወው። ሙሉ ስብስብን በአንድ ካርታ ላይ መደገፍ የማን ጥፋት ነው? ፈጣን የሀንተር ስብስብ ይዞ የሚመጣው ሰው ርካሽ ካርታዎቹን እያወጣ እጁን ባዶ ያደርጋል፤ ኦራክል ለእሱ ምርቃት ነው፤ እኔን በጥቂት ተራ አሸንፎኝ ይሄዳል። እኔ የምይዘው አሥር ካርታ ታቅፎ የሚቀመጠውን ነው። ደርቲ ራት የሚባለው ካርታም በ2 ማና ከተጋጣሚ እጅ ተዋጊ ጎትቶ ሜዳ ላይ ይጥላል፤ በእሱ ላይ ይህን ያህል ጩኸት አልሰማሁም። ተከላካይ ኳስ ነጠቀ ተብሎ ጨዋታ አበላሸ አይባልም።

ተቃዋሚ፦

ስሌቱን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ እንተወው የሚሉትም እርስዎ ነዎት። እኔ ጥያቄዬን አልተውኩም።

ደርቲ ራት የሚጥለው ተዋጊ እኮ እኔ ሜዳ ላይ ነው የሚወርደው፤ ያልታሰበ ትልቅ ተዋጊ ከወጣ ተጎጂው ጎታቹ ነው። ተከላካይም ኳስ ይነጥቃል እንጂ ኳሱን አይቀድደውም። ብሊዛርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ኦራክልን ከመደበኛው ምድብ አውጥቶ ለያዙት ሁሉ ሙሉ ዳስት (ካርታ የሚሠራበትን የጨዋታውን ገንዘብ) መልሷል። ይህ ምንም አይነግርዎትም?

ደጋፊ፦

አይነግረኝም። በዚያው ጊዜ ከኦራክል ጋር አይስ ብሎክና ሞልተን ጃያንትም ወጥተዋል፤ አንዱ የሜጅ መከላከያ፣ ሌላው ትልቅ ተዋጊ። ካርታ ያቃጠሉት መቼ ነው? ኦራክል ደግሞ የቆዩ ካርታዎች በሚፈቀዱበት፣ ዋይልድ በሚባለው ምድብ ቀርቷል፤ እኔም የማወጣው እዚያ ነው፣ ሕግ በሚፈቅድልኝ ቦታ። በሥርዓት የተጫወተን ሰው እንደ በደለኛ መቁጠር ያሳዝነኛል።

ተቃዋሚ፦

ሕግ ጣሱ አላልኩም። ለአንድ ሌጀንደሪ (እጅግ ብርቅ) ካርታ 1600 ዳስት አጠራቅሞ የሠራ ጀማሪ አለ። ወደ ዋይልድ የሚገባው ያንን ካርታ ሊያወጣ ነው። እርስዎ ሲያቃጥሉበት የተሸነፈ አይመስለውም፤ ያልተጫወተ ነው የሚመስለው። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ደጋፊ፦

ጀማሪውን እኔ አስተምረዋለሁ። ሮግ ከፊቱ ሲያይ እጁን 6 ላይ ያቁም፤ ኦራክል በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ቢወጣበትም እጁ 10 ይሞላል እንጂ አንድ ካርታ አይነድድበትም። ካርታውን ያውጣ፣ ሜዳውን ይያዝ፣ ያጥቃ! መፍትሔው በእጁ እያለ ስለ ፍትሕ ይነግሩኛል።

ተቃዋሚ፦

6 ላይ ያቁም? ያወጣውን ተዋጊ ሳፕ በሚባል ካርታ፣ በ2 ማና፣ ወደ እጁ የሚመልስበት ማን ነው? ሮግ አይደለምን? እጁ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ የተመለሰው ተዋጊ በዚያው ይጠፋል። እጅህን አቅልል ብለው ይመክሩታል፤ ባቀለለው ቁጥር መልሰው የሚጭኑበት ግን እርስዎ ነዎት። ይህን ምክር ከልብዎ ከሰጡ ሳፕን ከስብስብዎ ያውጡና እንነጋገር። ስለ ግርጌው የጠየቅሁትንም ገና አልመለሱልኝም።