ሌንስ ይቅደም!

ባለፈው ቅዳሜ ሱሪ ላሳጥር የሐረር ልብስ ሰፊዎች ወደተደረደሩበት መንገድ፣ መኪና ግርግር ወረድኩ። ሱሪው አዲስ ነው፤ ሰርግ አለብኝ። አሁን አንዱ እግሩ ከሌላው በሁለት ጣት ያጥራል። ጥፋቱ የልብስ ሰፊው አይደለም። እንዲያውም ጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ ለጥበብ የተከፈለ መስዋዕትነት ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ለባለ ካሜራው ወንድሜ ምስጋና ይሁንልኝ።

ታውቁታላችሁ። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይለብሳል። የአንድ መምህር የዓመት ደመወዝ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ያርፍና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ይገባል። ሸዋ በር ላይ ሲወርድ እግሩ መሬት ሳይነካ ጣቱ ቁልፉን ይጫናል። ሙያው ሌላ ነው። ፎቶ የሚያነሳው "ለስሜቴ ነው" ይላል። ስሜቱን አይተነዋል።

መጀመሪያ የማደንቅለት ሌንሱን ነው። ጀማሪ ሰው 50 ሚሊ ሜትር የምትባለውን ቀላል ሌንስ ገዝቶ፣ ዙም ስለሌላት በእግሩ እየቀረበና እየራቀ ይማር ይባላል። ይሄ የድሃ ምክር ነው። የኛ ሰው የያዘው ከ70 እስከ 200 የሚሄደውን፣ ሩቁን የሚያቀርበውን፣ ነጩን፣ ቡና ቴርሞስ የሚያክለውን ነው። ጀጎል፣ ግንብ በከበባት አሮጌዋ ከተማ ውስጥ፣ ደግሞ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን የሚያዞርበት መንገድ አለ። እንዲህ ያለ ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር የቀረበ ነገር አጥርቶ አያይም። ስለዚህ ወንድማችን ወደ ኋላ ይሄዳል። ይሄዳል። አሁንም የሚታየው የሰውየው አፍንጫ ብቻ ነው። አሁንም ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲሁ ወደ ኋላ ሲል ሲል የሰው ግቢ ገብቶ ከምድጃ የወጣ ድስት ላይ ሊቀመጥ ለትንሽ ተረፈ። የቤቱ እመቤት "ግባ፣ ቡና ደርሷል" አለችው። ሐረር እኮ ነው። እሱ ግን "እዛው ቁሚልኝ፣ አትንቀሳቀሺ" አላት።

በ200 ሲያነሱ ሹተሩ፣ ማለትም የካሜራው ዓይን ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት፣ ቢያንስ የሰከንድ 200ኛ ይሁን፣ አለበለዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ ይታያል የሚል የቆየ ደንብ አለ። እሱ ጋ የተንቀጠቀጠ ፎቶ የለም። "አርቲስቲክ" ብቻ ነው ያለው። አግድም መስመርን ቀጥ ማድረግም የልጅ ሥራ ነው። በጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ እንዳለ ዩኔስኮ መዝግቧል። በሱ ካሜራ ግን አንዱም ሚናራ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። ከተማዋን የሚያያት ሰው ርዕደ መሬት ላይ ያለች ይመስለዋል።

ሰዓት አመራረጡስ? ጠዋት ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ ግድግዳውን በጎን ሲዳስሰው እሱ ሆቴል ቁርስ ላይ ነው። ማታ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ግንቡ ሁሉ ማር ሲመስል ምርቃና ላይ ሆኖ ስለ ብርሃን ይተነትናል። የሚያነሳው በቀትር ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም። ዓይን የነበረበት ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይንጠለጠልና ሕፃኑም አሮጊቷም ፂም ያበቅላሉ። ሁለት እርምጃ ወደ ጥላው ቢገባ፣ ፊት ለፊት ያለው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ብርሃኑን ተቀብሎ ፊት ላይ ያለሰልስለት ነበር። በነፃ። ግን ሁለት እርምጃ ሩቅ ነው፤ ያውም ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ።

አሁን የሰማያዊውን ግድግዳ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

አንዲት አዴ (እናት እንደማለት ነው) ቅርጫት ሙሉ ጊሽጣ በራሷ ተሸክማ ወደ ሸዋ በር ትሄዳለች። ጊሽጣን ታውቁታላችሁ። አንዴ ከበሰለ ቀጠሮ አይሰጥም። ወንድማችን ለካ ሰማያዊ ግድግዳ አግኝቶ ፊት ለፊቱ ተንበርክኳል። አለፈች። "እማማ! እስቲ አንዴ ይመለሱልኝ" አላት። እኛ አገር አንቱታ ብርቅ ነው፤ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው። አዴ "ይመለሱ" የተባሉት ብዙ ሰዎች ከኋላዋ ያሉ መስሏት ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ተመለሰች።

እንደገና አለፈች። ድመት ገባች። ደገመች። ሳቀች። "አይሳቁ እማማ፤ ሐሳብ ውስጥ ይግቡ።" "የምን ሐሳብ?" አለች። "የኑሮ።" አራተኛው ላይ ኑሮን እያሰበች ስታልፍ አንድ ኩታራ "ፈረንጆ! ፈረንጆ!" እያለ መሃል ገባ። ወንድማችን የመርካቶ ልጅ ነው። ፈረንጅ አይደለሁም ብሎ ከልጁ ጋር ሲከራከር ፀሐይዋ ሄደች። አምስተኛው ላይ አህያ መጣ። ከአህያው ጋር ልዩ ነበር፤ ግን ካርዱ ሞላ። ካርድ እስኪቀይር አህያው ታጠፈ። አህያውን የሚመልስ ልጅ ተላከ። ባለቤቱ "ለኔ ስንት፣ ለአህያው ስንት?" አለ። ድርድር ሆነ። በሰባተኛው የሰፈሩ ሰው በሙሉ ዳይሬክተር ሆኗል። "ቅርጫቱን ወደ ግራ!" "ሻሹን ወደ ኋላ!" አንዱ ጫቱን ይዞ ከደጃፉ ሳይነሳ "አቦ ዝም ብላችሁ አስሩጧት!" አለ። በስምንተኛው አዴ ራሷ ሙያው ገባት።

"ልጄ፣ ፀሐዩ ከጀርባዬ ነው። ፊቴ አይጠቁርም?"

"እሱ ሲልዌት ይባላል እማማ። ፊት አያስፈልገውም።"

"ታዲያ ፊቴ ካልታየ ኑሮን የማስበው ለማን ነው?"

መልስ አልነበረውም። ዘጠነኛው ላይ ባትሪው አለቀ። አሥረኛው ላይ አዴ ደክሟት ግድግዳውን ተደገፈች፤ እሱም "እንደሱ አይደለም" አላት። አሥራ አንደኛው ላይ ጊሽጣው ለቀቀ። የላዮቹ የታቾቹን ተጭነው፣ ጭማቂው በቅርጫቱ ቀዳዳ ሾልኮ፣ ሻሿን አርሶ በጆሮዋ በኩል ጠብ ጠብ አለ። ወንድማችን ያነሳው ያንን ነው። "ላብ!" አለ፣ በደስታ ሊያለቅስ ደርሶ።

ማታውኑ ተለጠፈ። ካፕሽኑ "ሳታውቅ የተነሳች። ላብና ክብር። ሐረር።" ይላል። ከጊሽጣው አንድ ፍሬ አልገዛትም። ስሟንም አልጠየቃትም።

አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ጎረቤታችን ናት። ሦስት ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት። ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ አገጯን በእጇ ይዛ አረፍ ባለችበት ከማዶ በዙም ተነሳች። አላወቀችም። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ተደረገ፤ የፊቷ መስመር ሁሉ እንዲጎላ ተሠራበት፤ "ረሃብ ፊት ሲኖረው" ተብሎ ተጻፈበትና ዞረ። ውጭ አገር ያለች ልጇ አየችው። እኩለ ሌሊት ደውላ "እማዬ፣ የምልክልሽን ማን ነው የሚበላብሽ?" እያለች አለቀሰች። ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ ደጅ አትቀመጥም። በሯን ዘግታ ውስጥ ነው የምትውለው። ሰው በገዛ ደጃፉ ማረፍ በማን አዋጅ ነው የተከለከለው? ያቺን ሴት በስሟ የምታውቃት ከተማ ውስጥ ቆሞ፣ ስሟን ሳይጠይቅ ረሃብ ብሎ የሚሰይማት ማን ነው? መጠየቅ እኮ ነው! "ላንሳሽ?" አራት ፊደል ነው። እምቢ ካለች እምቢ አለች፤ ካሜራህን ይዘህ ሂድ!

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርን።

ሐረር ለካሜራ አዲስ አይደለችም። ራምቦ ቤት የምንለውን ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ኖረበት አልኖረበት ሌላ ጉዳይ ሆኖ። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ እዚህ ሲነግድ የነበረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ በፈረንጆች 1883 ሐረር ውስጥ ፎቶ ያነሳ ነበር። ያኔ ከተማዋ በግብፆች እጅ ናት። ለቤተሰቡ የላካቸው ደግሞ የራሱ ፎቶዎች ናቸው። አንዱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ ሙዝ መሃል እጁን አጣምሮ። በዛሬ ቋንቋ ሰልፊ። ፎቶዎቹ ነጥተው ነበርና ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ በደብዳቤው አመካኘ። በሐረር ውሃ ማመካኘት እስከ ዛሬ የቀጠለ ልማድ ነው። ወደፊት የተሻለ እሠራለሁ ብሎም ቃል ገባ።

ምስኪን! የኛ ሰው በዚህ ይበልጠዋል። ካሜራው በሰከንድ አሥር ይተፋል። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሺህ ሞልቶ ይሄዳል። ተቀምጦ ሦስቷን መርጦ የቀረውን መጣል የሚባለው ጣጣ አይመለከተውም። አርባውንም የአንድ ፍየል ፎቶ ይለጥፈዋል፤ የፍየሏ ጆሮ በየፎቶው ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ። ይቅርታ አይጠይቅም። ቃልም አይገባም። ውሃም አያሳብብም።

ድሬዎች ደግሞ አትሳቁ። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሀዲድ ላይ ዞር ብሎ የማይመጣ ባቡር የሚጠብቅ ሙሽራ ስንት እንደሆነ እናውቃለን።

ማታ ሲሆን ጅብ አለ። ጅብ መጋቢው ሥጋውን እንጨት ላይ ያንጠለጥላል፤ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያጎርሳል። ጅቦቹን በስማቸው ነው የሚጠራቸው። የቆመ ባጃጅ መብራቱን ከጎን ካበራ ለካሜራ ይበቃል። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው። ወንድማችን ግን ፍላሹን መጋቢው ዓይን ላይ ያፈነዳዋል። ጅቡ ሁለት አረንጓዴ አምፖል ሆኖ ይወጣል፤ ሰውየው ነጭ አንሶላ። "ወደ ጅቡ ጠጋ በል፣ ፈራ በልልኝ" ይለዋል። ከጅብ ጋር ያደገ ሰው ፍርሃትን ከየት ያምጣ? ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ጅቡን የማያውቀው የለም፤ ጅቡም አንጥፉልኝ ብሎ አያውቅም። ቁርበት የተነጠፈለት ሌላ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ለማንሳት በሆዱ ሊተኛበት።

ወደ ሱሪዬ ልመለስ።

ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ክር ሲያስገባ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? መርፌውን ወደ መንገዱ ያዞራል። ከኋላው ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ያደርጋል። የክሩን ጫፍ በምራቁ ያሾላል። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዴ ነው፤ ይገባል። ያን ዕለት ክሩን ሊያስገባ ሲል ድንገት ጨለመ። ቀና አለ። ወንድማችን በሩ ላይ ቆሞ ከነሰደርያው መንገዱን ሞልቶታል።

"አባቴ፣ ቤትዎ ጨለማ ነው" አለው።

"ዞር ስትልልኝ ይነጋል" አለው ሰፊው።

አልገባውም። ፍላሹን ሰካ። "እየሰፉ ወደኔ ይዩ" አለ። ሰፊው ጨዋ ሰው ነው፤ እንግዳ አያሳፍርም። እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኑ ካሜራው ላይ፣ ሱሪዬ መርፌው ሥር። "ይቀጥሉ! ይቀጥሉ!" መኪናው ይጮሃል፣ ፍላሹ ይበርቃል። እኔም ጥግ ቆሜ በፎቶው እገባ ይሆን ብዬ ፀጉሬን ሳስተካክል ነበር፤ ይሄን አልደብቅም።

ፎቶው ማክሰኞ ወጣ። ግድግዳው ሐምራዊ ሆኗል። ከሰፊው ራስ በላይ ጭስ የመሰለ ነገር ተጨምሮበታል። ባለፈው ዓመት የተገዛችው መኪና ዝገት ተቀብታ የአያት ቅርስ መስላለች። ካፕሽኑ "አርባ ዓመት አንዴም ያልሳተ እጅ" ይላል። በጣቴ ከፈት አድርጌ አጎላሁት። መርፌው መስመሩን ለቆ ወደ ጉልበት እየወጣ ነው።

ከሥሩ "ሱሪው የኔ ነው" ብዬ ጻፍኩለት።

ልብ ሰጠኝ።