የግሬሲያ ፖሊ ጉዞ እና የጥንድ ተጫዋች ያልተቆጠረ ሥራ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ጥንድ ባድሚንተን ፍጻሜ ላይ የኢንዶኔዥያዋ ግሬሲያ ፖሊ የራኬቷ ክር ተበጠሰ። ኳሷ ግን ገና በአየር ላይ ነበረች። ግሬሲያ ወደ ሜዳው ዳር ሮጣ ሌላ ራኬት አንስታ እስክትመለስ ድረስ ስፋቱ 6.1 ሜትር የሆነውን ሜዳ ብቻዋን የሸፈነችው ወደ 11 ዓመት ገደማ የምታንሳት አጣማሪዋ አፕሪያኒ ራሃዩ ነበረች። ሁለቱ ቻይናውያኑን ቼን ቺንግቼንንና ጂያ ዪፋንን 21 ለ19 እና 21 ለ15 አሸንፈው ለአገራቸው በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኙ።

ስለዚህ ድል ሲወራ «በስተመጨረሻ ዕድል ቀናት» ሲባል እሰማለሁ። አባባሉ በቅን ልብ የተነገረ ቢሆንም አልቀበለውም፤ የጥንድ ተጫዋች ትልቁ ችሎታ ምን እንደሆነ ይሸፍንብናልና። ያ ችሎታ ከሌላ ሰው ጋር ተግባብቶ መጫወት ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሰው ሲጎዳ ወይም ሲያቆም ከዜሮ ተነስቶ ሌላ አጣማሪ ማብቃት ነው። የስፖርቱ የደረጃ ሰንጠረዥም ሆነ የሽልማት አከፋፈሉ ይህን ሥራ አይቆጥሩትም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ግሬሲያ ከሜይሊያና ጃውሃሪ ጋር ተጣምራ ነበር። በቀጣዩ ዙር ቀለል ያለ ተጋጣሚ ለማግኘት ሲሉ በምድብ ጨዋታቸው ሆን ብለው ለመሸነፍ የሞከሩ አራት ጥንዶች፣ አንዱ ከቻይና፣ ሁለቱ ከደቡብ ኮሪያ፣ አንዱ ከኢንዶኔዥያ፣ ከውድድሩ ተባረሩ። ከስምንቱ ተጫዋቾች አንዷ እሷ ነበረች። ጥፋቱን አላቃልለውም፤ ተመልካቹ አዳራሹ ድረስ የመጣው ጨዋታ ሊያይ ነው። ሆኖም የግሬሲያ ታሪክ እዚያ አላበቃም። ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር እንደገና ተነስታ በ2014 የኢንቺዮን የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ፣ በ2015 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች፤ በ2016 ሪዮ ላይም እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ኒትያ በጉዳት ከሜዳ ራቀች። ለማቆም ያሰበችውን ግሬሲያን ጥቂት ቆይታ ወጣቶቹን እንድትረዳ የለመናት አሰልጣኟ ኢንግ ሂያን ነበር። በ2017 የ19 ዓመቷ አፕሪያኒ አጣማሪዋ ሆነች፤ በዚያው ዓመትም የፈረንሳይ ኦፕንን አብረው አሸነፉ።

ይህ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ለማየት አንድ የማጥቃት ቅጽበትን ጠጋ ብሎ መመልከት ይበቃል። አንዷ ከኋላ ሆና ስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚወርድ ምት፣ ትመታለች፣ ሌላዋ መረቡ አጠገብ ቆማ የሚመለሰውን ኳስ ለመቅደም ትጠብቃለች፤ ኳሷን ከፍ አድርገው ለመመለስ በተገደዱ ጊዜ ደግሞ ወዲያው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከፊት ያለችው ዞራ ለማየት ፋታ የላትም። አጣማሪዋ የት እንደቆመችና ምን ልትመታ እንደሆነ የምታውቀው በእግር ኮቴዋና በራኬቷ ድምፅ ነው። በሁለቱ መሃል የምትወርደው ኳስ የማን እንደሆነች ተነጋግሮ ለመወሰን ጊዜ ስለሌለ፣ ጥያቄው አስቀድሞ በልምምድ ሜዳ ሺህ ጊዜ የተመለሰ መሆን አለበት። አጣማሪ ሲቀየር ይህ ሁሉ መግባባት እንደ አዲስ ይጀመራል።

የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን የደረጃ ነጥብ የሚሰጠው ግን ለጥንዱ ነው፤ አጣማሪዋን የለወጠች ተጫዋች ከቀድሞዋ ጋር የሰበሰበችውን ነጥብ ይዛ ወደ አዲሱ ጥንድ አትሻገርም። የጃፓኗ ሳያካ ሂሮታ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጉልበቷ ጅማት ተጎድቶ፣ እግሯን በትልቅ መደገፊያ አስራ ተጫውታለች። እሷና ዩኪ ፉኩሺማ የወርቅ ተስፋ ከተጣለባቸው ጥንዶች ቀዳሚዎቹ ነበሩ፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ ቀሩ። የፉኩሺማ የዓመታት ዝግጅት በሌላ ሰው ጉልበት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ገንዘቡም ያው ነው። በ2023ቱ የማሌዥያ ኦፕን የነጠላ አሸናፊው 87,500 ዶላር ሲያገኝ የጥንድ አሸናፊዎች ለሁለት 92,500 ተሰጣቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 46,250 ማለት ነው። ሥራው ለሁለት ስለሚከፈል ክፍያውም ይከፈል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የጥንድ ተጫዋች የሚለማመደው፣ የሚጓዘውና የሚጎዳው ለግማሽ ቀን አይደለም፤ ሙሉ ዕድሜውን ነው የሚሰጠው። በዚያ ላይ ነጠላ ተጫዋች የማያውቀውን የሌላውን ሰው ጉዳት ሥጋት ይሸከማል። የነፍስ ወከፍ ሽልማቱ ወደ ነጠላው ሊጠጋ፣ አጣማሪው ያቆመበት ተጫዋችም ካፈራው ነጥብ የራሱን ድርሻ ይዞ ሊቀጥል ይገባል። ነጥብ ለማግኘት ብቻ የሚጣመሩ ይበዛሉ የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ድርሻው ለተወሰኑ ወራት ብቻ እንዲያገለግል ማድረግ ግን የሚከብድ አይመስለኝም።

ግሬሲያ በጁን 2022 ጃካርታ በሚገኘው የኢስቶራ ሰናያን አዳራሽ ከደጋፊዎቿ ተሰናበተች። አፕሪያኒ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት ሆና፣ በተራዋ ታላቅ የምትባለው እሷ ነበረች፤ ከጎኗም የ21 ዓመቷ ሲቲ ፋዲያ ሲልቫ ራማድሃንቲ ቆማ ነበር። ግሬሲያ በተሰናበተች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለቱ የማሌዥያ ኦፕንን አሸነፉ።