ኳሷን ስጡና!

በቃ፣ ዛሬስ መረረኝ! በረኛው ወድቋል። ጎሉ ባዶ ነው። እጄን አውጥቼ «ስጠኝ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ኳሷን የያዘው የኛው ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አብዶ! ቲክቶክ ላይ ያያትን የሆላንዳዊውን ኳስ ተጫዋች የክራይፍን አዟዟር። ያውም በጅማ ጭቃ! የቆመበት እግር ሸርተት አለ፣ ልጁ ተዘረረ፣ እነሱ ኳሷን ይዘው ሄደው አገቡብን።

ክራይፍ እኮ በ1974 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ስዊድናዊውን ተከላካይ የሸወደው ሊያሻማ መስሎ፣ ኳሷን በውስጥ እግሩ ከቆመበት እግር ጀርባ ስቦ ነው። ዞረ፣ ጥሎት ሄደ። አለቀ! የኛዎቹ ግን ያለፉትን ሰው ቆመው ጠብቀው ይደግሙለታል። ማንን ነው የሚሸውዱት? የተሸወድኩትስ እኔ፣ ባዶ ጎል ፊት እንደ ስልክ እንጨት የተገተርኩት! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አብዶ ተማረ። ቆይ፣ ፓስ የሚያስተምር ቪዲዮ የለም እንዴ?